ለአእምሮ የሚሮጥ ቀስ ይላል፦ በጣና ዳር ሶምሶማ ለመጀመር

አባቴ ያረፈ ጊዜ አርባ ቀን ሙሉ ሰው ከቤታችን አልጠፋም። ድንኳን ተተከለ፣ እድርተኛው ተሰበሰበ፣ ቡናው ከእሳት አልወረደም። አርባው ከወጣ በኋላ ሁሉም ወደየኑሮው ተመለሰ። የእኔ ያኔ ጀመረ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ዓይኔ ይፈጣል። እስኪነጋ ጣራ ጣራ አያለሁ። ቀን ላይ ሰው "እንዴት ነሽ?" ሲለኝ "ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን" እላለሁ። ደህና ግን አልነበርኩም። ምግብ አይጥመኝም፣ ስልክ ማንሳት ይከብደኛል፣ ፀጉሬን መታጠብ እንኳን እንደ ተራራ ሆኖብኝ ነበር።

አንድ ቀን ጎረቤታችን እትዬ ከአጥር ወዲያ ጠሩኝ። "ልጄ፣ ጉልበቴን አሞኛል። ነገ ጠዋት እስከ ጊዮርጊስ አድርሽኝ" አሉኝ። ለትልቅ ሰው እምቢ አይባልምና ሄድኩ። እሳቸውን አድርሼ ስመለስ በባሕሩ ዳር በኩል ዞርኩ። ውኃው ዝም ብሎ ተኝቷል፤ አንድ ታንኳ ብቻ ቀስ እያለ ያልፋል። በማግስቱም ጠሩኝ። በሠልስቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ሳምንት ጉልበታቸው ደህና እንደነበረ ገባኝ። ያኔ እኔም ትንሽ ትንሽ መተኛት ጀምሬ ነበር።

መንገዱ ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ ሶምሶማ ተቀየረ። ዛሬ በሳምንት ሦስት አራት ቀን እሮጣለሁ። ይህን መመሪያ የምጽፈው ያኔ እኔ የነበርኩበት ቦታ ላይ ላለ ሰው ነው፤ ጭንቀት፣ ድብርት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ወይም ዝም ብሎ ሆድ መባስ ለያዘው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። በአገራችን ሩጫ ሲባል ወዲያው የሚታየን ሜዳሊያ ነው። አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ ደራርቱ ቱሉ በ1992 እ.ኤ.አ. ባርሴሎና ላይ። እንኮራባቸዋለን፣ ይገባናልም። ግን ከዚህ የተነሳ ሩጫ የአትሌት ሥራ ብቻ ይመስለናል። እኔንም ስንት ሰው "አትሌት ልትሆኚ ነው?" ብሎ ጠይቆኛል። ጀማሪውም ከዚያው ተነስቶ በመጀመሪያው ቀን እንደ ጥይት ይወጣል፣ መቶ ሜትር ላይ ትንፋሹ ይቆረጣል፣ ሁለተኛ አይመለስም። ለአእምሮ የሚሮጥ ሰው ቀስ ነው የሚለው። የሚያፍርበት እስኪመስለው ድረስ ቀስ። የሚጠቅመው ፍጥነቱ አይደለም፤ ነገም ከነገ ወዲያም መመለሱ ነው።

ለምን ይሠራል?

አጭር አድርጌ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱን ማወቅ በከባድ ቀን ከአልጋ ለመነሳት ይረዳል።

ስንጨነቅ ሰውነታችን ለጠብ ወይም ለሽሽት ይዘጋጃል። ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ግን የምንጨነቀው ስለ ቤት ኪራይ ስለሆነ የምንሸሸው ነገር የለም። ዝግጅቱ ሰውነት ውስጥ ታስሮ ይቀራል። እንቅስቃሴ መውጫ ይሰጠዋል። አንጎልም ስሜትን የሚያቀልሉ ንጥረ ነገሮች ያመነጫል፤ ስሙ የሚጠራው ኢንዶርፊን ነው፣ ግን ብቻውን አይደለም። ማታ ላይ ደግሞ የደከመ ሰውነት እንቅልፉ ጠለቅ ይላል። እንቅልፍ ሲስተካከል የሐሳቡም ክብደት ይቀንሳል።

አሜሪካ ውስጥ በዱክ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ አንድ ጥናት በ1999 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 156 የድብርት ታማሚዎችን በሦስት ከፈሏቸው። አንዱ ቡድን እንቅስቃሴ ብቻ፣ አንዱ መድኃኒት ብቻ፣ አንዱ ሁለቱንም። ከ16 ሳምንት በኋላ ሦስቱም ቡድኖች ተቀራራቢ በሆነ መጠን ተሽሏቸው ነበር። መድኃኒት የወሰዱት ግን ፈጠን ብለው ነበር መሻል የጀመሩት። ይህ ማለት "ክኒናችሁን ጣሉ" ማለት አይደለም። ሰዎቹ በባለሙያ ዓይን ሥር ነበሩ። እንቅስቃሴ ከቁም ነገር የሚቆጠር ሕክምና መሆኑን ግን ያሳያል።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ሌላው ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት 120 አረጋውያንን ለአንድ ዓመት ተከታተለ። ግማሾቹ በሳምንት ሦስት ቀን 40 ደቂቃ ተራመዱ። ሂፖካምፐስ የሚባለው፣ ለማስታወስ የሚያገለግለው የአንጎል ክፍላቸው በ2 በመቶ ገደማ ጨመረ። ሰውነታቸውን ማፍታታት ብቻ የሠሩት ግን ቀነሰባቸው። ልብ በሉ፤ የተራመዱት ሰዎች አልሮጡም። እርምጃ ብቻ ነው።

1ኛ እርምጃ፦ ከጫማው በፊት ራሳችሁን ፈትሹ

ሦስት ጥያቄ አለ። በወረቀት ላይ መልሱት።

የመጀመሪያው፦ መሞትን ወይም ራሴን መጉዳትን አስባለሁ? መልሱ አዎ ከሆነ መመሪያውን እዚህ ላይ አቁሙት። ዛሬውኑ ለምታምኑት አንድ ሰው ንገሩ፣ ከእሱ ጋር ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ። ባሕር ዳር ላይ ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ግዮንም አሉ። "ሆድ ይፍጀው" የሚባለው ለሌላ ነገር ይሁን፤ ይህኛውን ሆድ አይችለውም። ሩጫው ይደርሳል።

ሁለተኛው፦ ድብርቱ ወይም ጭንቀቱ በየቀኑ ማለት ይቻላል ሁለት ሳምንት አልፎታል? ሥራዬን፣ ትምህርቴን፣ ቤቴን እንዳልይዝ አድርጎኛል? እንዲህ ከሆነ መራመዱን ጀምሩ፣ ጎን ለጎን ግን ባለሙያ እዩ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ሦስተኛው፦ ሰውነቴ ይችላል? በልጅነታቸው ቶንሲል ሲያመላልሳቸው ቆይቶ ልባቸው የተጎዳ ሰዎች በአገራችን ብዙ ናቸው። የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት፣ አስም፣ ደም ማነስ ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ወይም ወባ ይዞት ገና ያገገመ ሰው ሐኪም ሳያማክር አይሩጥ። ስትሮጡ ደረታችሁን ካመማችሁ ወይም ራሳችሁን ካዞራችሁ ቁሙ፤ "ይለፍ" ብላችሁ አትቀጥሉ።

መድኃኒት የምትወስዱ አንድ ነገር ጨምሩ። ሊቲየም የሚወስድ ሰው ብዙ ላብ ካወጣና ውኃ ካልጠጣ የመድኃኒቱ መጠን ደሙ ውስጥ ሊጨምር ይችላል፤ አደገኛ ነው። ሌሎች አንዳንድ የአእምሮ መድኃኒቶችም ሙቀትን የመቋቋም አቅም ይቀንሳሉ። ስለዚህ ለሐኪማችሁ "ሩጫ ልጀምር ነው" ብላችሁ ንገሩ። ፀበል የምትጠመቁም ብትሆኑ፣ ሩጫው የተስማማችሁም ብትሆኑ፣ መድኃኒት በራሳችሁ ውሳኔ አታቋርጡ። በድንገት ማቋረጥ ሕመሙን መልሶ ሊያመጣው ይችላል።

2ኛ እርምጃ፦ ሰዓትና መንገድ ምረጡ

በእኔ እምነት ግማሹ ሥራ ይህ ነው። የሚወደድ መንገድ ያገኘ ሰው ይመለሳል።

ሰዓቱ ጠዋት ቢሆን እመርጣለሁ። የጠዋት ብርሃን ዓይን ውስጥ ሲገባ ሰውነት ቀኑ መጀመሩን ያውቃል፤ ማታም እንቅልፍ በሰዓቱ ይመጣል። ከዚያ ውጭ ባሕር ዳር ሙቀቷ ቀልድ አይደለም። በተለይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ አስፋልቱ ራሱ ይተነፍሳል። ግን ብርሃን ሳይሆን አትውጡ። 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሰው ይታያል፣ ባጃጁም መሮጥ ጀምሯል፣ ውሾቹም ወደየቤታቸው ገብተዋል። ጠዋት የማይመቸው ከ11 ሰዓት በኋላ ይውጣ፤ ሳይመሽ ይመለስ።

ለመንገድ ሦስት ነገር እዩ፦ ሜዳማ መሆኑን፣ ሰው የሚታይበት መሆኑን፣ ለዓይን የሚስብ ነገር መኖሩን። እኛ እድለኞች ነን። የዘንባባ ጥላ ያለባቸው ሰፋፊ መንገዶች አሉን፤ በጣና ዳር ያለው መንገድ ደግሞ ሜዳ ነው። ውኃ ዳር ስሮጥ ዓይኔ ሩቅ ያያል። ቤት ውስጥ ስንብሰለሰል ዓይናችንም ሐሳባችንም ከአራት ግድግዳ አይወጣም። እዚያ ግን ደሴቶቹ ድረስ ይሄዳል።

ዳገት ለመጀመሪያው ወር አያስፈልግም። ወደ ቤዛዊት የሚወጣውን መንገድ ለበኋላ አስቀምጡት። እሱ ሽልማት ነው። ላይ ወጥቶ ዓባይን ቁልቁል ማየት የሚያስደስተው ትንፋሽ ሲኖር ነው። አዲሱ የዓባይ ድልድይም ለመራመድ ጥሩ ነው፤ 380 ሜትር ርዝመት ስላለው ደርሶ መልስ ለጀማሪ በቂ ልክ ይሆናል።

ስለ ባሕሩ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሩጫው ሲያልቅ እግራችሁን ውኃው ውስጥ አትንከሩ። በጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ፤ በቆዳ በኩል ነው የሚገባው። ሁለተኛ፣ በጨለማ ወይም ገና ጎህ ሳይቀድ ደንገል ወደበዛበት ዳርና ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት አካባቢ አትጠጉ። ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ ይወጣል፤ በመመለሻው መንገድ ላይ መቆም አይገባም።

ሴቶች እህቶቼ፣ ለከፋውን አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ከአንድ ጥግ ላይ ቆመው የሚጮሁ ልጆች ነበሩ፤ መንገድ እስከመቀየር አድርሰውኛል። የረዳኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሁለት ሆኖ መውጣት። ሁለተኛው በተመሳሳይ ሰዓት በተመሳሳይ መንገድ ሰው በሚበዛበት ማለፍ። ከወር በኋላ የዳቦ ቤቱም ሰው፣ ጥበቃውም፣ ሊስትሮውም ያውቃችኋል። "ዛሬ አረፈድሽ" ይሏችኋል። ይህ ጥበቃ ነው። ደግሞም ለተደበረ ሰው ስሙን የሚያውቅ መንገድ ትልቅ ነገር ነው።

3ኛ እርምጃ፦ ጫማና ልብስ

ውድ ጫማ አያስፈልግም። ሶሉ ያላለቀ፣ ከፊት ለጣት የአውራ ጣት ያህል ቦታ ያለው፣ ተረከዝ ላይ የማይላላ ስኒከር ይበቃል። ልባሽ ተራ ስትገዙ ሶሉን በእጃችሁ እጠፉት፤ ጣት አካባቢ መታጠፍ አለበት፣ መሃሉ ላይ እንደ ጨርቅ ከተጣጠፈ ተዉት። የጥጥ ካልሲ ላብ ይይዛልና ስስ የስፖርት ካልሲ ካለ ይሻላል። ቱታ፣ ሰፊ ሱሪ፣ ረጅም ቀሚስ ከሥሩ ሱሪ ጋር፣ የተመቻችሁን ልበሱ። አበቃ።

4ኛ እርምጃ፦ ሁለት ሳምንት ተራመዱ ብቻ

አውቃለሁ፣ ሩጫ ለመጀመር መጥታችሁ "ተራመዱ" ስላችሁ ቅር ይላችኋል። እመኑኝ። ጅማትና አጥንት ከትንፋሽ ዘግይተው ነው የሚጠነክሩት። በሁለተኛው ሳምንት "አሁንስ እችላለሁ" የሚል ስሜት ይመጣል፣ ባትና ጉልበት ግን ገና ናቸው።

በመጀመሪያው ሳምንት አራት ቀን፣ 15 ደቂቃ። በሁለተኛው አራት ቀን፣ 25 ደቂቃ። አረማመዱ ለቀጠሮ ጥቂት እንደዘገየ ሰው ይሁን።

5ኛ እርምጃ፦ ሶምሶማን ከእርምጃ ጋር አፈራርቁ

ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በመካከሉ አንድ አንድ ቀን እረፍት። ሁሌም 5 ደቂቃ በመራመድ ጀምሩ፣ 5 ደቂቃ በመራመድ ጨርሱ። መካከሉ እንዲህ ነው፦

3ኛ ሳምንት፦ 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ ስድስት ጊዜ።
4ኛ ሳምንት፦ 2 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ አምስት ጊዜ።
5ኛ እና 6ኛ ሳምንት፦ 4 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ አራት ጊዜ።
7ኛ ሳምንት፦ 8 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ ሦስት ጊዜ።
8ኛ ሳምንት፦ 20 ደቂቃ ሳያቋርጡ፣ ቀስ ብሎ።

አንዱ ሳምንት ከከበደ ድገሙት። እኔ አምስተኛውን ሦስት ጊዜ ደግሜዋለሁ።

ልኩን የምታውቁት በወሬ ነው። እየሮጣችሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻላችሁ ልክ ነው። "እንዴት አደራችሁ፣ ደህና ናችሁ ወይ፣ ልጆቹስ?" ብላችሁ መጨረስ አለባችሁ። ቃሉ ከተቆራረጠ ፈጥናችኋል። ብቻችሁን ከሆናችሁ የምታውቁትን ጸሎት ወይም ዘፈን በለሆሳስ በሉት። ሌላ ሰው ቢቀድማችሁ ይቅደማችሁ። አንድ ቀን ትልቅ ሰው በእርምጃ ቀድመውኝ አልፈዋል፤ እኔ በሶምሶማ ላይ ነበርኩ። ያ ቀን ከጥሩ ቀኖቼ አንዱ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ይመክራል። ከዚያ ያነሰም ቢሆን ከምንም ይሻላል ይላል። ወደ ገበያ በእግር መሄድም፣ ባሕር ዳር ላይ እንደምናዘወትረው ብስክሌት መንዳትም ይቆጠራል። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ብስክሌቱን ይምረጥ።

6ኛ እርምጃ፦ እየሮጣችሁ ከሐሳባችሁ ጋር ምን ታደርጋላችሁ?

ስለዚህ የሚነግራችሁ ሰው ብዙም የለም። ሰው ይሮጣል፣ ሐሳቡም አብሮት ይሮጣል። የቤቱን ጭቅጭቅ ጊዮርጊስ ድረስ ተሸክሞት ይሄዳል፣ ተሸክሞት ይመለሳል። እግሩ ደክሞ ጭንቅላቱ ሳያርፍ ይገባል።

የመጀመሪያዎቹን አምስት የእርምጃ ደቂቃዎች ለሐሳቡ ስጡት። ይምጣ። አትታገሉት። የሞተ ሰው ትዝ ካላችሁም አልቅሱ፤ ላብና እንባ ፊት ላይ አይለይም።

ሶምሶማው ሲጀመር ወደ ትንፋሽ ሂዱ። ሦስት እርምጃ እያስገባችሁ፣ ሦስት እርምጃ እያስወጣችሁ። ሦስቱ ካጠራችሁ ሁለት ሁለት አድርጉት። ሐሳቡ መልሶ ይጎትታችኋል፤ ስታውቁት ወደ ቁጥሩ ተመለሱ። መቶ ጊዜም ቢሆን ተመለሱ። መመለሱ ራሱ ልምምዱ ነው።

ቁጥሩ ሲሰለቻችሁ ዓይናችሁን አሰማሩት። ዛሬ ስንት ታንኳ ወጥቷል? ውኃው ምን ዓይነት መልክ አለው፣ አመድማ ነው ወይስ ወርቅማ? ከየትኛው ቤት ነው የቡና ሽታ የሚመጣው? ሌሊት ዘንቦ ከሆነ አፈሩ እንዴት ይሸታል? የጆሮ ማዳመጫ ያላችሁ አንድ ቀን እንኳን ቤት ተዉትና ሞክሩት።

ድንገተኛ ጭንቀት የሚይዛቸው ሰዎች ልብ ይበሉ። ስትሮጡ ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ላብ ይወጣል። ጭንቀቱ ሲመጣ የምታውቋቸው ምልክቶች እነዚያው ናቸው። መጀመሪያ ላይ ሊያስፈራችሁ ይችላል። ያኔ ወደ እርምጃ ውረዱ፣ "ልቤ የመታው ስለሮጥኩ ነው" በሉ፣ ሲረጋጋ እዩት። ሐኪም ልባችሁ ደህና ነው ካላችሁ፣ ይህ ደጋግሞ ሲሆን ሰውነት የልብ ምት ሁሉ አደጋ እንዳልሆነ ይማራል። እኔ ከሩጫ ካገኘሁት ሁሉ ትልቁ ይህ ነው።

7ኛ እርምጃ፦ ለማይነሱበት ቀን ዕቅድ ይኑራችሁ

ድብርት የሚሰርቀው መጀመሪያ ፍላጎትን ነው። "ሙዴ ሲስተካከል እወጣለሁ" ካላችሁ አትወጡም። የሚሆነው በተቃራኒው ነው፤ እግር ይቀድማል፣ ፍላጎት ይከተላል።

ስለዚህ ለከባድ ቀን ትንሽ ሕግ አውጡ። የእኔ እንዲህ ነው፦ ጫማ አደርጋለሁ፣ ከግቢ በር እወጣለሁ፣ አምስት ደቂቃ እራመዳለሁ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ መመለስ ከፈለግኩ ያለ ጸጸት እመለሳለሁ። አብዛኛውን ጊዜ አልመለስም። የተመለስኩባቸውም ቀኖች ግን አሉ፤ እነሱንም እንደ ወጣሁባቸው እቆጥራቸዋለሁ።

ማታውኑ ጫማና ልብስ አልጋው ሥር ይቀመጡ። ስልኩ ሌላ ክፍል ይደር፤ ሌሊት ቲክቶክ ላይ ያደረ ዓይን ጠዋት አይነሳም። ከሰዓት በኋላ ጫት የሚቅም ሰውም እንቅልፉን ሩጫ ብቻውን አይመልስለትም፤ መጀመሪያ ሰዓቱንና መጠኑን ይቀንስ።

አንድ ሳምንት ካመለጠ ከዜሮ አትጀምሩ፤ ከነበራችሁበት አንድ ሳምንት ወደኋላ ብላችሁ ቀጥሉ።

8ኛ እርምጃ፦ ጾም፣ ዝናብ፣ ክፉ ጊዜ

በጾም ወቅት እስከ 9 ሰዓት የምትቆዩ ከሆነ ጠዋት ላይ እርምጃ ብቻ ይሁን። ሶምሶማው ከበላችሁ አንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ይደረግ። ሙስሊም ወገኖቼም በረመዳን እንዲሁ፤ ከማፍጠሪያ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቀለል ያለ እርምጃ የሚመርጡ አሉ፣ ውኃው ቅርብ ስለሆነ። በሶ የጾምም የሯጭም ምግብ ነው። በጥብጡት፣ ጠጡት።

ክረምት ላይ ጠዋት ብዙ ጊዜ ዝናቡ ጋብ ይላል፤ ያንን ጠብቁ። ጭቃውንና የሚያዳልጠውን ኮብልስቶን ተጠንቀቁ። ዝናቡ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ወባ ይበረታል። ሲመሽ ረግረግ አጠገብ አትሩጡ። ትኩሳት ካለ ሩጫ የለም፣ ምርመራ ነው።

ባለፉት ዓመታት ክልላችን የገባበትን ጭንቅ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እንቅስቃሴ የሚገደብበት ቀን አለ፣ የሰዓት እላፊ የሚታወጅበት ጊዜ አለ። እንዲህ ባለ ቀን መውጣት ጀግንነት አይደለም። ጭንቀቱ የሚብሰው ግን ያኔ ስለሆነ እንቅስቃሴውን አታቋርጡት። በግቢ ውስጥ ገመድ ዝለሉ፣ ደረጃ ውጡ ውረዱ፣ ባላችሁበት ዱብ ዱብ በሉ። ከሁሉ የምወደው እስክስታ ነው። ሩብ ሰዓት እስክስታ የወረደ ሰው ላቡን ያየዋል። ልጆቹም ይገባሉ፣ እናትም ከማዕድ ቤት ብቅ ትላለች፤ ቤቱ ለትንሽ ጊዜ ሌላ ቤት ይሆናል።

9ኛ እርምጃ፦ አንድ ሰው ያዙ

ቡድን አያስፈልግም፤ አንድ ሰው ይበቃል። ፍጥነቱ እንደ እናንተ የሆነ፣ ምክር የማያበዛ። የታመመ ወዳጅ ካላችሁ ደግሞ "ተነስ፣ ስፖርት ሥራ፣ ይለቅሃል" አትበሉት። እሱ ወቀሳ ነው የሚሰማው። እትዬ እንዳደረጉት አድርጉ። "አድርሽኝ" በሉ። "አብረኸኝ ውጣ፣ ብቻዬን ደብሮኛል" በሉ።

10ኛ እርምጃ፦ ደብተር ያዙ

ትንሽ ደብተር ግዙ። በየቀኑ ማታ አራት ነገር ጻፉ፦ ምን ያህል ደቂቃ ተንቀሳቀስኩ፣ ስንት ሰዓት ተኛሁ፣ ስሜቴ ከ10 ስንት ነበር፣ በዋናነት ያሳሰበኝ ምንድን ነው። ከዚህ አይብዛ፤ ከበዛ ትተዉታላችሁ።

ለውጡ በአንድ ቀን አይታይም። በዕለቱ ትንሽ ቀለል ማለት ይኖራል፣ ማታ ግን ሊመለስ ይችላል። ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ስትደርሱ ገጾቹን ወደኋላ ግለጡ። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚቀየረው የእንቅልፉ ቁጥር ነው።

ቁጥሮቹ የሚናገሩት ሌላም ነገር አለ። ደቂቃው እየጨመረ ስሜቱ እየወረደ ከሄደ፣ አንድ ቀን ሲያመልጣችሁ ራሳችሁን የምትቀጡ ከሆነ፣ ወይም ክብደት እየቀነሳችሁ መብላት እየቀነሳችሁ ከሆነ፣ ሩጫው ራሱ ሌላ ጭንቀት ሆኗል። ቀንሱት፣ ለሰውም ንገሩ።

ስምንት ሳምንት በትጋት ተንቀሳቅሳችሁ የስሜታችሁ ቁጥር ያው እንደ 3 ዝቅ ብሎ ከቆመ ደግሞ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ሕመሙ ከሩጫ በላይ ሕክምና የሚፈልግ ነው ማለት ነው። ደብተሩን ይዛችሁ ወደ አእምሮ ሐኪም ሂዱ። እዚያ ገብታችሁ ሁሉን ነገር ከአፍ ማውጣት ቢያቅታችሁ እንኳን አትጨነቁ፤ "ከመቼ ጀምሮ ነው? እንቅልፍስ?" ስትባሉ ደብተሩን ከፍታችሁ ስጧቸው።